በረዶው ሳይቀልጥ

አንድ ተማሪ ነበረ። ዝም ማለት ከመዋሸት ይቆጠራል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛልና መልሱን ከእሱ ስሚ።

ተማሪው ከገጠር መጥቶ በአንዲት የደጋ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ይማር ነበር። እናት አባት የሉትም። ይሁኔ ከሚባል የክፍል ጓደኛው ጋር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተው፣ በአንድ ሰሌን ላይ አንድ ጋቢ ለብሰው ይተኛሉ። ኪራዩንም ስንቁንም የሚችለው የይሁኔ አባት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ በገበያ ቀን በሶና ቆሎ በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ ሲያወርድ ይህ የእገሌ፣ ይህ የእገሌ አይልም። ተማሪው ደግሞ የሳይንስ መምህሩን ቤተ ሙከራ ይጠርጋል፤ መምህሩም ደብተርና እርሳስ ይሰጠዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ለሙያ ትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ ብሎታል። ከዚያ ደብዳቤ ሌላ ተስፋ አልነበረውም።

አንድ ቀን መምህሩ፣ በረዶ የሚቀልጥበትንና ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት በዓይናችሁ ታያላችሁ አለ። በረዶውን ከአንድ ቡና ቤት ለምኖ አምጥቷል። ቴርሞሜትሩ ለትምህርት ቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ በጥጥ ተጠቅልሎ ይቆለፍበታል። ይሁኔ ቴርሞሜትሩን ይዞ ቁጥሩን እንዲጠራ፣ ተማሪው እንዲመዘግብ ታዘዙ። ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ።

ከሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ይሁኔ ዜሮ ብሎ ጠራ። ተማሪው ጻፈ። መምህሩ ደስ አለው። ላምባ ምድጃው ላይ የተጣደው ውሃ ሲፈላ ይሁኔ ቴርሞሜትሩን ወደዚያ አዛወረና ዘጠና ሁለት አለ። መምህሩ ገና ነው፣ ጠብቅ አለው። ጠበቁ። ውሃው ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ የመምህሩን መነጽር ሸፈነው፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ተማሪው አንገቱን አስግጎ አየ። ዘጠና ሁለት ነው። ጻፈ።

መምህሩ መጽሐፉን ገልጦ መቶ የሚለውን አሳያቸው። ይሁኔ ቀልድ ይወድ ነበር።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ይሄ ውሃ መጽሐፉን አላነበበው ይሆናል» አለ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ቆላ ተወልዶ ቆላ የተማረ፣ ከመጽሐፉ በቀር የሚጠይቀው የሌለው ጎልማሳ ነው። ሳቁ ግን አናደደው። ቴርሞሜትሩን ነጠቀና፣ ስታዛውረው ከድስቱ ጠርዝ ጋር አጋጭተህ አበላሽተኸዋል አለ። ይሁኔ አላጋጨሁም ብሎ ማለ። ማን ሰምቶት።

ያን ጊዜ ለተማሪው አንድ ሐሳብ መጣለት። በረዶው ገና አላለቀም፤ ሳህኑ ላይ እፍኝ ያህል ቀርቷል። ቴርሞሜትሩ ተመልሶ እዚያ ቢገባና እንደገና ዜሮ ቢል፣ አልተበላሸም ማለት ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጋሼ፣ በረዶው ውስጥ መልሰን እንየው ማለት ብቻ። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ደብዳቤው ትዝ አለውና ዋጠው።

ይሁኔ ዞሮ ተመለከተው። ተማሪው ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሣም። በረዶው ከዳር ከዳሩ እየሳሳ ሄደ። ደወሉ ሲደወል ሳህኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ብቻ ነበር።

መምህሩ ሁላችሁም መቶ ብላችሁ ጻፉ ብሎ አዘዘ። ሁሉም ጻፈ። ተማሪው ግን ቀድሞ ጽፎ ስለ ነበር መፋቅ ነበረበት። በላጲስ ፋቀው፤ ብናኙን በእጁ ጠረገ፤ መቶ ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ይሁኔ ዳይሬክተሩ ዘንድ ቀረበ። መምህሩ የተማሪውን ደብተር ይዞ ሄደ። አብሮት የነበረው ልጅ እንኳ ውሃው መቶ ነው ብሎ መዝግቧል፤ ዘጠና ሁለት የሚለው ቴርሞሜትሩ ስለተበላሸ ነው ብሎ ገልጦ አሳየ። ተማሪው አልተጠራም፤ አፉንም አልከፈተም። ደብተሩ በቂ ነበር። ይሁኔ ቴርሞሜትሩን እስኪተካ ድረስ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ተወሰነ። እንዲህ ያለው ዕቃ በዚያ ከተማ ቀርቶ በአውራጃውም አይገኝም።

አባትየው መጣ። የመንግሥት ንብረት አጠፋህ ብሎ ልጁን በሰው ፊት ተቆጣው፤ ዕቃውን አህያው ላይ ጫነ። ይሁኔ በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ አይተሃል አይደል?» አለው።

«ምኑን?» አለ ተማሪው።

ይሁኔ ዞሮ አህያውን ተከተለ። አባትየው ግን ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ ገባና የበሶውን ስልቻ ጥግ ላይ አስቀመጠ።

«አንተ እንኳ ትምህርትህን ጨርስ፣ ልጄ። ሲያልቅብህ ላክብኝ» አለው።

ተማሪው እጅ ነሣ። ዓመቱ እስኪያልቅ ያን በሶ በላ።

ደብዳቤው ተጻፈለት። ሙያ ትምህርት ቤት በገባ በሁለተኛው ዓመት አንድ አስተማሪ እግረ መንገዱን፣ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል አለ። ሁሉም በየደብተሩ ጻፈ። ተማሪው አቀርቅሮ ቀረ። ምክንያቱን ገና መስማቱ ነው፤ ቁጥሩን ግን ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ የአንቺም ነገር ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤታችሁ መጋዘን ዘበኛ በጠፋው ዕቃ ተጠርጥሮ ሊባረር ነው። ያን ቀን ከበሩ አለመነሣቱን አይተሻል። ስድስቱ የኮሚቴ አባላት ይባረር ብለው ፈርመዋል፤ አንቺም ዝም ብዬ ብፈርም ከአፌ ውሸት አልወጣም ትያለሽ። ከዚያ ተማሪ አፍም አልወጣም። ዝምታውን ግን ሌላ ሰው ከደብተሩ አንሥቶ አነበበው፤ የእሱ ቃል ነው ተብሎም ተፈረደበት። የተፈረደበት እሱ ሳይሆን ይሁኔ ነው።

ተማሪው ያቺን ያልተናገራትን ዐረፍተ ነገር በኋላ ብዙ ጊዜ ተናግሯታል። ለሚስቱ ነግሯታል፤ ለንስሐ አባቱም ነግሯቸዋል። የሰማ ሁሉ ያዝንለታል። ይሁኔ ግን እርሻውን ሲያርስ ኖረ።

ስብሰባችሁ ነገ በሦስት ሰዓት ነው ብለሽኛል። እዚያ ተናገሪ። ከዚያ ወዲያ መጥተሽ ለእኔ ብትነግሪኝ ለዘበኛው ምንም አያደርግለትም።