አህያ ከፍል ውሃ ያመጣው እንስራ

አንድ ጊዜ አህያ በፍል ውሃው ገበያ መሃል ቆሞ አንድ እንስራ በሰኮናው ቀስ አድርጎ መታና ረጅም ጆሮውን አስጠጋ።

«አያ አህያ!» ሲል ጅብ ከኋላው ጮኸበት። «ዕቃ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ልታክም? ምነው፣ አሳለው እንዴ?»

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። አህያ ግን አልተቆጣም፤ የሚሰማው እንስራውን ነበር። እንስራው ቅው አላለም፤ የሻከረ ድምፅ ነው የሰጠው። የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። አህያ ወደ ቦታው መለሰው።

የእንስራዎቹ ሠሪ ከርከሮ ነበረች። ጭቃ ውስጥ ተወልዳ ጭቃ ውስጥ ያረጀች ናትና በዚያ አገር ሸክላን እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረም።

«ሰማኸው?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሰማሁት፣ እትዬ።»

«እሱ እህል መያዣ ነው፤ ለውሃ አልሸጠውም። አንተ ለምን ፈለግኸው?»

«ለውሃ።»

«ለማን?»

«ለሚስቴ።»

በእንስሳቱ አገር አዝመራው ከገባ በኋላ ንጉሡ አንበሳ «ሂዱ፣ ዕረፉ» ብሎ ሁሉንም ያሰናብታል። ያን ጊዜ የቻለ ወደ ፍል ውሃ ይወርዳል። አጥንቱን ያሞቃል፣ እንቅልፉን ይተኛል፣ ወሬውን ያወራል። ፍል ውሃው ዳር ደግሞ የእጅ ሥራ ገበያ አለ። ጃርት ከእሾሁ ማበጠሪያ ይሠራል። ጦጣ ከወይራ ማንኪያ ትጠርባለች። ጎጆ ሠሪዋ ወፍ ቀለም የነከረችውን ሳር ይዛ ሰፌድ ስትሰፋ ትውላለች። ከዚያ የሚመለስ ሁሉ ለቤቱ አንድ ነገር ሳይዝ አይገባም።

ልማዱ ግን እንዲህ ነው፤ የመንገድ ስጦታ ከነወሬው ነው የሚሰጠው። «ይኸው፣ ያዝ» ብሎ ማቀበል ነውር ነው። ማን ሠራው? ከምን ሠራው? ሲሠራስ ምን ሆነ? ይህን መናገር ያልቻለ፣ ስጦታውን ማንም አይቀበለውም።

አህያ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ዕቃ ሲሸከም ኖሯል፤ የራሱ የሚለው ዕቃ ግን ኖሮት አያውቅም። ሚስቱ ባለፈው ክረምት ድጥ አዳልጧት እግሯ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ቢጠገንም ወንዝ ድረስ መውረድ አቃታት። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ካለች ኩሬ ትጠጣለች። ኩሬዋ ደግሞ በበጋ ትደርቃለች። ሲለያዩ ይህን አምጣልኝ፣ ያን አምጣልኝ አላለችውም። «ደህና ግባ» ብቻ አለችው። እሱ ግን መንገዱን ሙሉ ያቺን ኩሬ እያሰበ ነው የመጣው።

«የምከፍለው የለኝም፣ እትዬ» አላት ከርከሮን።

ከርከሮ ጀርባውን ዐይታ ሳቀች። «ይሄን የሚያህል ጀርባ ይዘህ! ጥሩው ጭቃ ያለው እዚያ ታች ካለው ሐይቅ ማዶ ነው፤ እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ። አንተ ጭቃውን አመላልስልኝ፣ እኔ ካመጣኸው ጭቃ አዲስ እንስራ እሠራልሃለሁ።»

«እሺ» አለ አህያ።

ጅብ ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ኧረ ጉድ ስሙ! ለዕረፍት መጥቶ ጭነት! አንተን እኮ ገነትም ቢያስገቡህ ኮርቻ አለ ወይ ብለህ ትጠይቃለህ!»

አህያ ጠዋት ጠዋት ጭቃ አመላለሰ። ከቀትር በኋላ ፍል ውሃው ውስጥ ገብቶ ጆሮው ብቻ እስኪቀር ይነከራል። ከዚያ እየተንጠባጠበ መጥቶ ከርከሮ አጠገብ ይቆማል። እሷ ጭቃውን ስትረግጥ ያያል፤ ስትደፈድፍ፣ ስትስብ፣ በጠጠር ስታለሰልስ ያያል። ብዙ አይነጋገሩም። ለሁለቱም እንዲህ ይመቻቸዋል።

አንድ ቀን ከርከሮ የእንስራውን አንገት አውጥታ ጨረሰችና በክራንቻዋ ጫፍ ዙሪያውን ጌጥ ትጭርበት ጀመር። መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። አህያ እንስራውን ዐየ። ሚስቱ ከዚያ ስትጠጣ ታየችው። ደስታው ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ደረሰና፣ ሳያስበው አናፋ።

ከርከሮ ክው አለች። ክራንቻዋ ዘለለና መስመሩ ወደ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ተመልሶ ወረደ።

«አንተ!» አለችው ደረቷን ይዛ። «ነፍሴን ልታወጣት ነው?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

መስመሩን ዐየችው፤ እሱን ዐየችው። «ይስተካከል ወይስ እንዳለ ይቅር?»

አህያ አሰበ። «እንዳለ ይቅር» አለ።

ጅብ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረበት። ከአገሩ ሲወጣ በንጉሡ ፊት ደረቱን ነፍቶ «ጌታዬ፣ ከገበያው የሚበልጠውን ዕቃ ባላመጣልዎት ጅብ አይበሉኝ» ብሎ ነበር። ታዲያ ሲበላና ሲተኛ ከርሞ የመመለሻው ቀን ደረሰበት። ሲሮጥ ገበያ ቢወርድ፣ ቀበሮ ዋርካ ሥር ቀያይ እንስራዎች ደርድራ አገኛት። እንስራዎቹ ያብረቀርቃሉ፤ ደግሞ ይሸታሉ። ጥሩ የላት ሽታ! ቀበሮ ጭቃ በፀሐይ አድርቃ፣ ቀይ አፈር ቀብታ፣ ላት ለቅልቃባቸው ነበር። አንዱም እሳት አላየም።

«እሜቴ ቀበሮ፣ ይሄ የእጅ ሥራ ነው?» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

«እጄን አታየውም?» ብላ ጭቃ የነካ መዳፏን ዘረጋችለት።

«እውነትሽን ነው! በይ ትልቁን ስጪኝ።»

«ትልቁ ለንጉሥ ቤት ነው እንጂ ለማንም አይሸጥም፣ አያ ጅቦ።»

«እኔም ለንጉሥ ነው የፈለግሁት!»

«እንዲህ በለኛ! ታዲያ ለንጉሥ የሚሆን ቋንጣስ ይዘሃል?»

ጅብ ለመንገድ ስንቅ ያስቀመጠውን ቋንጣ ሁሉ ዘርግፎ ሰጣት። እንስራውን ካነሣ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ወሬውስ? ንጉሡ ወሬውን ይጠይቀኛል።»

ቀበሮ ዐይኗን ሳታርገበግብ እንስራውን ከደነችው። «ወሬው ውስጡ ነው። መንገድ ላይ እንዳትከፍተው፣ ያመልጥሃል። ንጉሡ ፊት ስትቀርብ ገልብጠህ ማውጣት ነው።»

«ተባረኪ!» አለ ጅብ፤ የምሩን።

አህያ በዚያው ጠዋት ለከርከሮ የመጨረሻ ጭቃ አመጣላት። ዕዳው አልቆ ነበር፤ ይህኛው እንዲሁ ነው። እሷም በእሳት የተተኮሰውን እንስራ አሟሽታ፣ ለመቀመጫው ከሳር ማቶት ጠምዝዛ ጀርባው ላይ አስቀመጠችለትና በልጥ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። አህያ ሊሄድ ሲል ከጀርባው ያለውን እንስራ መታ አደረገችው። ቅው አለ።

አህያና ጅብ አገራቸው አንድ ነውና አብረው መንገድ ጀመሩ።

«ያቺ ናት እንስራህ?» አለ ጅብ። «ጭስ የጠጣች፣ መስመሯ የተጣመመ! የኔን እያት፣ ፊትህን ታይባታለህ።» እንዲህ እያለ እንስራውን ላስ ያደርጋል። ጥቂት ይሄድና ደግሞ ላስ ያደርጋል። ላቱ አለቀ። ቀይ አፈሩም አለቀ። ጅብ ግን ምላሱ ለምዶበት መላሱን አልተወም።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውሃው ጉልበት ድረስ ነበር። ጅብ እንስራውን በአፉ ይዞ ገባ። መሃል ላይ ውሃው እንስራውን ነካው። የነካው ለሰለሰ፣ የለሰለሰው ወረደ። ጅብ ማዶ ሲወጣ አፉ ውስጥ የቀረው አንድ እፍኝ ጭቃ ነበር።

«ወሬዬ!» ብሎ ጮኸ ወደ ወንዙ እየተመለከተ። «ወሬዬ በውሃ ሄደ!»

ወንዙ ዳር ሲሮጥ ቆየና ደከመው። ከዚያ ዞር ሲል የአህያን እንስራ ዐየ። ዐይኑ ጠበበ።

«ወዳጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ቋንጣዬን ሰጥቻለሁ፣ እርቦኛል። ንጉሡ ፊትም ባዶ እጄን አልቀርብም። እንግዲህ ወይ እንስራውን ወይ ጭንህን። ምረጥ።»

አህያ ኩሬዋን አሰበ። እንስራው ከሄደ ሚስቱ የምትጠጣበት የለም። እሱ ከሞተ ደግሞ ውሃ የሚቀዳላት የለም። ቀስ ብሎ ተንበረከከ።

ጅብ ልጡን በጥርሱ ቆርጦ እንስራውን ወሰደ። «ወሬው አብሮት አለ?»

«አለ» አለ አህያ። እውነቱን ነው።

ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በንጉሡ ደጅ የሚያልፍ ነበርና አህያ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ተከተለ።

አንበሳ ደጁ ላይ ተቀምጦ ከዕረፍት የሚመለሱትን ይቀበል ነበር። ጅብ ሁሉም እንዲያየው ተንጎራደደና እንስራውን በንጉሡ እግር ሥር አኖረ።

አንበሳ እንስራውን በጥፍሩ መታ። ቅው አለ። ፊቱ በራ። «እውነትም የሚበልጠውን አምጥተሃል። በል ወሬውን።»

ጅብ እንስራውን ገለበጠው። አራገፈው። ምንም አልወጣም። ቂጡን መታ መታ አደረገና እንደገና አራገፈው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አንበሳ።

«ወሬውን እያወጣሁ ነው፣ ጌታዬ። ታች ተጣብቆ ይሆናል።»

ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንበሳ ግን አልሳቀም። «እሺ፣ እኔው ልጠይቅህ። አንገቱ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ይመጣና እዚህ ጋ ይጣመማል። ምን ሆኖ ነው?»

ጅብ ላቡ መጣ። «መንገዱ፣ ጌታዬ… መንገዱ ጠማማ ነበር።»

ያን ጊዜ ከኋላ ድምፅ ተሰማ። «እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረ። አህያ ነበር።

«አንተ ምን አደረግህ?» አለ አንበሳ።

«ያጣመምኩት፣ ጌታዬ። እትዬ ከርከሮ ስትጭር ደስ ብሎኝ አናፋሁ። ደነገጠች።»

አንበሳ የእንስራውን መስመር ደግሞ ዐየ። ከዚያ ጥፍሩን አውጥቶ አቧራው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይጭር ጀመር። «እስቲ አሁን አናፋ» አለ።

አህያ አፍሮ ነበር። ግን ኩሬዋን አሰበና አፉን ከፈተ። የደጁ እርግቦች ብር ብለው ተነሡ። ጅብ በጀርባው ወደቀ። የንጉሡም መዳፍ ሳይፈልግ ዘለለ። አቧራው ሲረጋ አንበሳ ጎንበስ ብሎ የራሱን መስመር ዐየ፤ የእንስራውን ዐየ። ሁለቱም ሽቅብ ወጥተው ተመልሰው ወርደዋል።

አሁን አንበሳ ሳቀ። «እንስራው የባለወሬው ነው። ውሰደው። እኔ የኔን ስጦታ ተቀብያለሁ፤ ይህን ወሬ ዓመቱን ሙሉ አወራዋለሁ።»

ጅብ በአፍረት ወደ ገበያው ተመልሶ ሮጠ። ሲደርስ ቀበሮ ቋንጣውን ጨርሳ ጥርሷን ትጎረጉር ነበር። «ውይ፣ አያ ጅቦ» አለችው፣ «ውሃ እንዳይነካው ብዬ ልነግርህ ስል እኮ ነው የሄድክብኝ!»

አህያ ቤቱ ሲደርስ ኩሬዋ ደርቃ ጭቃዋ ተሰነጣጥቋል። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተኝታለች። በቀጥታ ወንዝ ወርዶ እንስራውን ሞላና ፊቷ አስቀመጠላት።

«ወሬውስ?» አለችው፤ ቢጠማትም ልማዱን አልዘነጋችም።

አህያ በዕድሜው እንደዚያን ቀን አውርቶ አያውቅም። ስለ ከርከሮ ነገራት፣ ስለ ፍል ውሃው፣ ስለ መስመሩ፣ ወንዝ ስለ ወሰደው የጅብ ወሬ። የታመመ እግሯን እስክትረሳ ሳቀች። ከዚያ ጠጣች። ጠጣችና ቀና አለች።

«ጭቃ ጭቃ ይላል።»

አህያ ደነገጠ። «አስጠላሽ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አለችው። «አንተ የከረምክበት አገር እኮ ነው የሚሸተው። እኔም አብሬህ ደርሼ የመጣሁ መሰለኝ። በል ድገመኝ።»

ከዚህ የምንማረው ከሩቅ የሚመጣ ስጦታ የሚከብደው በትልቅነቱና በማብረቅረቁ ሳይሆን፣ አምጪው በልፋቱና በደስታው ባኖረበት ወሬ መሆኑን ነው።