የጠበበው ሰማይ

አንዲት የሰማይ ተመራማሪ ነበረች፤ ስሟ ምንትዋብ። የምታጠናው በጋላክሲዎች መካከል የተበተነውን ስስ ጋዝ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን በዚህ ጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ ተውጦ ይቀራል። ምን ያህሉ እንደሚዋጥ ለማስላት ምንትዋብ በኮምፒውተሯ የሰማይን አንድ ክፍል የሚወክል ምናባዊ ሣጥን ሠርታ ጋዙንም ጋላክሲዎቹንም እዚያ ውስጥ አኖረች። ለዓመታት ደከመችበት።

በዚያው ዘመን ዶክተር ኦብሳ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ተራራ ላይ በተተከለ ቴሌስኮፕ እውነተኛውን ሰማይ ሲያዩ ነው። እሳቸው እንዳዩት፣ ብርሃኑ በአንዳንድ አቅጣጫ እምብዛም ሳይነካ ያልፋል፤ በሌላው አቅጣጫ አብዛኛው ይዋጣል። የምንትዋብ ሣጥን ግን በየትኛውም አቅጣጫ የሚዋጠው ተቀራራቢ ነው አለ።

ምንትዋብ ስሌቷን ደጋግማ ፈተሸች። ግድፈት አጣችበት። እንግዲያው የተሳሳተው ቴሌስኮፑ ነው ብላ ደመደመች፤ ይህንኑ በትልቅ ጉባኤ ልትናገር ተዘጋጀች። ከተናገረች የአዛውንቱ የዕድሜ ልክ ልፋት ከንቱ ሊባል ነው።

ዶክተር ኦብሳ ይህን ሰምተው ከጉባኤው በፊት ቢሮዋ መጡ። ለጠብ የመጡ መስሏት ደነገጠች፤ ቢሆንም ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «እኔ ያየሁት ባዶ ስፍራ ሣጥንሽ ውስጥ ይገባል?»

«የቱ ባዶ ስፍራ?»

የቴሌስኮፑን ምስል አውጥተው አሳዩዋት። ጋዝ የሳሳበት፣ ዳርቻው የራቀ የሰማይ በረሃ ነበር። የእሷ ሣጥን ከዚያ በረሃ እጅግ ያንሳል። ስሌቷስ ልክ ነው፤ ነገር ግን በጠባብ ስፍራ ውስጥ ያን የሚያህል ባዶነትም፣ ያን የሚያህል የጋዝ ክምችትም ሊፈጠር አይችልም።

ምንትዋብ አንገቷን ደፋች። «ጉባኤው ላይ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ለምን አልጠበቁም?»

«እዚያ ብነግርሽ እኔ አሸንፋለሁ፣ አንቺ ትሸማቀቂያለሽ። ስለ ጋዙ ግን ሁለታችንም ምንም አንማርም።»

ንግግሯን ሰረዘች። ሣጥኑን አስፍታ እንደገና ጀመረች፤ ኮምፒውተሩም ለወራት ሠራ። በመጨረሻ ሰፋፊዎቹ ባዶ ስፍራዎችና ግዙፎቹ የጋዝ ክምችቶች ብቅ አሉ፤ የሚዋጠው ብርሃንም አዛውንቱ ካዩት ጋር ተቀራረበ። ጥቂት ልዩነት ቀረ። እሱን አብረው ተቀምጠው አጠኑት።

በሚቀጥለው ጉባኤ ምንትዋብ ውጤቷን ከማቅረቧ በፊት እንዲህ አለች፦ «ሊያዋርዱኝ ሲችሉ ያስተማሩኝ ሰው እዚህ ተቀምጠዋል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ዶክተር ኦብሳም ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኔም ላመስግናት» አሉ። «ስህተቱ ሲነገረው የሚቆጣ ብዙ ነው። እሷ ግን ሰማችኝ።»

ወዳጄ፣ አሳባችን እርስ በርሱ ስለተስማማ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ያላካተትነው ነገር ሊኖር ይችላል። ያንን በፍቅር የሚያሳየን ሰው ደግሞ ትልቅ ስጦታ ነው። አንተን በአደባባይ ማሳፈር ሲችል በጓዳ የመከረህ ማን ነው? አመስግነኸዋል?