ከዳሱ የወጣው ገበጣ ጠራቢ

ተረት ተረት!

የላም በረት በሉኝ እንጂ፤ ምነው ዝም አላችሁ? እ… አሁን ሰማሁ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆማችሁትም ግቡ። የዛሬው ተረት የጨዋታ ተረት ነው፤ ገና ሳልጀምረው ልቤ ይዘልብኛል።

በድሮ ዘመን ዝግባ ሜዳ በሚባል አገር ወንድይፍራው የሚባል ገበጣ ጠራቢ ነበረ። ገበጣን ታውቁታላችሁ፤ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው፣ በጠጠር የሚጫወቱበት እንጨት ነው። ወንድይፍራው ከዋንዛ ይጠርበዋል። ጉድጓዱን እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለሰልሰዋል። ጠጠሩ ሲወድቅበት ድምፁ ብቻ ሰውን ለጨዋታ ያስቀምጣል። ስሙ ከሰባት ወንዝ ማዶ ይታወቃል። ከሥሩም አሥር ሰው ይጠርብለት ነበር።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች። እሷ አትጠርብም፤ ትጫወታለች። ጨዋታዋስ! ጠጠር ስታዳርስ እጇ አይታይም። የገጠማት ሰው ገና እያሰበ ሳለ እሷ በልታ ጨርሳለች።

ታዲያ በዚያ አገር ገበጣ የሚሸጠው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በነጋድራስ ሽበሺ ዳስ ውስጥ። ነጋድራስ ማለት የገበያው አለቃ ነው። ዳሱ ሰፊ ነው፤ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ነጋድራስ ክፉ ሰው አልነበረም። ሜዳው እሾህና ጭቃ ሳለ፣ ሽፍታ ገበያተኛውን ሲያራቁት፣ ዳሱን ያቆመው እሱ ነው። ዘበኛ አደረገ። ጣሪያውን አለበሰ። የገዛችሁት ገበጣ ቢሰነጠቅ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ሳይጨቃጨቅ ዋጋችሁን ይመልስላችኋል። ከዳሱ መሃል ደግሞ አንድ ወፍራም ምሰሶ ነበረ። ሰው ጨዋታ ባሸነፈ ቁጥር ምሰሶው ላይ በስሙ አንድ ጭረት ይጫርለታል። ያንን ጭረት ሰው እንደ ልጁ ይወደው ነበር።

ስለዚህ ሁሉ ነጋድራስ ከተሸጠው ከአሥሩ እጅ ሦስቱን ይወስዳል። ከትልቁም ከትንሹም እኩል።

በወንድይፍራው መደብ ጎን እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ይቀመጣሉ። እሳቸውም ይጠርባሉ፤ ትንንሽ ገበጣ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት። የወንድይፍራውን ገበጣ ሊያይ የመጣ ሰው ዓይኑ ወደ ጎን ሲል የእሳቸውን ያይና ይገዛል። እንዲህ ነበር የሚኖሩት።

አንድ ክረምት ሲወጣ ወንድይፍራው ነጋድራስ ዘንድ ሄደ። ሦስቱ በዝቶብኛል፤ ሰው የሚመጣው በኔ ስም ነውና ሁለት ያድርጉልኝ ብሎ ለመነ። ነጋድራስም ራሱን ነቀነቀና፦

«ከእማማ ደብሪቱ ሦስት ወስጄ ካንተ ሁለት ብወስድ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለው።

ወንድይፍራውም፦ «እኔ ከሌለሁ እኮ ዳስዎ ባዶ ነው» አለ።

«እንግዲያስ ውጣና እየው።»

ወጣ! ያንኑ ዕለት ገበጣውን በአህያ ጭኖ ወጣ። ቤቱ ኮረብታው ላይ ነበር። ከቤቱ ፊት ሰፊ ዛኒጋባ ሠራ፤ መደብ ደረደረ፤ ከእንግዲህ የወንድይፍራው ገበጣ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው ብሎ አስነገረ። እማማ ደብሪቱ ሲወጣ አይተውት ነበር። እንዲህ ብቻ አሉት፦

«አንተ ስም አለህ ልጄ። እኔን ግን ሰው የሚያየኝ አንተን ሲፈልግ ነው።»

እሱ ግን ልቡ ሞቆ ነበርና አልሰማቸውም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮረብታው በሰው ተጥለቀለቀ። ወንድይፍራው የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። በሁለተኛው ቅዳሜ የመጣው ግማሹ ነው። በሦስተኛው ስንት የመጣ ይመስላችኋል? ሰባት ሰው! አንዱም መንገድ የጠፋበት ነበር።

ወንድይፍራው ግራ ገባው። ከዚያም ተሰማ የሚባለውን ሸማኔ መንገድ ላይ አግኝቶ ምነው ጠፋህ አለው። ተሰማ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። አፈረና መሬት መሬት እያየ፦

«ገበጣህን ጠልቼ አይደለም። ጭረቴ ዳሱ ውስጥ ነው፤ ጓደኞቼም እዚያ ናቸው። በአንድ ቅዳሜ ሁለት ቦታ እንዴት ልገኝ?» አለው።

ደግሞ ስሙ፤ ጉዱ ገና ነው። የራሱ ሚስት አንጓች በየቅዳሜው ዳሱ ትሄድ ነበር! ምሰሶው ላይ ዘጠና ሦስት ጭረት አላት። ትታው እንዴት ትምጣ? ወንድይፍራውም አይቶ እንዳላየ ይሆናል። በልቡ ግን ይቆስል ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ውርደት መጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጥድፊያ ሠራተኞቹ እርጥብ እንጨት ጠርበው ሸጠው ነበር። እንጨቱ ደረቀና ተሰነጠቀ። አንድ ገበሬ የተሰነጠቀውን ገበጣ ይዞ ግማሽ ቀን ተጉዞ መጣ። ወንድይፍራው አልነበረም። ሠራተኞቹም ፀሐይ ላይ ትተኸው ነው ብለው መለሱት። ገበሬው ምን አደረገ? ስንጥቁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞረው።

ወንድይፍራው ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ስሙ ነዋ! ሁለት ደህና ገበጣ መርጦ በገዛ ጀርባው ተሸከመና ገበሬው ቤት ድረስ ሄደ። ጫማው ላይ ሊወድቅ ሲል ገበሬው ያዘው። ታረቁ። ሲመለስ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ለአንጓችም፣ ተሸንፌአለሁ፣ ነገ ነጋድራስ እግር ላይ እወድቃለሁ አላት።

አንጓች መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ከዚያም፦

«ሰው እዚያ የሚሄደው ለጣሪያው አይደለም። እርስ በርሱ ሊገናኝ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ» አለችው። «አንድ ቅዳሜ ስጠኝ።»

ቅዳሜ ደረሰ። አንጓች ዳሱ ገባች። ያን ቀን አራት ሰው ገጠመች፤ አራቱንም አሸነፈች። ጫሪው ቢላውን ይዞ ወደ ምሰሶው ሲሄድ፣ ተው አትጫር አለችው። ተነሥታ ቆመችና፦

«ዘጠና ሦስቱ እዚሁ ይቅር። እኔን ማሸነፍ የሚፈልግ ከእንግዲህ ኮረብታው ላይ ይምጣ» አለች።

ነጠላዋን አጣፋች። ወጣች። ወደ ኋላዋም አላየች።

እስቲ አስቡት! አንጓችን ሳያሸንፍ ማን ተጫዋች ነኝ ይላል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎበዞቹ መጡ። ጎበዞቹ ሲመጡ ተመልካቹ መጣ። ተሰማም ሸማ ሥራውን ጥሎ መጣ። ኮረብታው ሞላ፤ ሳቁና ጭብጨባው ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። የወንድይፍራው እጅ እንደገና ሠራ። እንጨቱንም በደንብ ሳያደርቅ አላስነካም። የተሰነጠቀበት ቢመጣ ራሱ ተቀብሎ ይለውጣል።

ታዲያ አንድ ቀን እማማ ደብሪቱ ሦስት ገበጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ያንን ዳገት ወጡ። ሰላምታም አልሰጡ። በሩ ላይ ተቀመጡና፦

«ዳሱ ውስጥ ሰው የለም። ኮረብታው ላይ እኔ የለሁም። የት ልሽጥ?» አሉ።

ወንድይፍራው ደነገጠ። ከጎኑ መደብ ሰጣቸው። ግን እንደሳቸው ያሉ ሠላሳ ትንንሽ ጠራቢዎች ነበሩ፤ ለሁሉም የሚሆን ቦታ ኮረብታው ላይ የለም። ያን ጊዜ አንጓች አሰበችና ወደ ነጋድራስ መልእክት ላከች። ገበጣ እንጋጠም፤ እርስዎ ካሸነፉ ባሌ ዳስዎ ተመልሶ ከአሥሩ አራቱን ይሰጣል፤ እኔ ካሸነፍኩ ከጠራቢው ሁሉ፣ ከትልቁም ከትንሹም፣ አንድ ብቻ ይወስዳሉ አለችው።

ወንድይፍራው ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ለምን መሰላችሁ? ነጋድራስን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አሸንፎት አያውቅም! አንጓችም አንድ ቀን ገጥማው አታውቅም፤ ባሏ፣ ተይ፣ ከባለ ዳሱ ጋር አትጋጠሚ ይላት ነበርና። ነጋድራስ ግን ደስ አለው። እሺ አለ።

የት ይጫወቱ? እሱ ኮረብታው ላይ አልወጣም አለ። እሷም ዳሱ አልገባም አለች። ስለዚህ መሃል ላይ፣ ባዶው ሜዳ ላይ ይሁን ተባለ። አገር ምድሩ ወጣ! ሰው ዛፍ ላይ ወጣ። ሰው ሰው ትከሻ ላይ ወጣ። ገበጣውን ያቀረቡት እማማ ደብሪቱ ነበሩ፤ ለማንም እንዳያደላ ተብሎ።

ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ይረታል ተባለና ጀመሩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ነጋድራስ አሸነፈ። የዳሱ ወገን እልል አለ። ወንድይፍራው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሁለተኛውን አንጓች አሸነፈች። የኮረብታው ወገን መሬቱን በእግሩ ደበደበ። አሁን የቀረው ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ላይ ነጋድራስ በላ። ደግሞ በላ። ከአንጓች ወገን አንድ ጉድጓድ ላይ አምስት ጠጠር ብቻ ቀረ። ሌላው ባዶ ነው። አንጓች አምስቱን ጠጠር ዘገነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጣለች። አምስተኛዋን ከነጋድራስ ወገን ሦስት ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ላይ ጣለቻት። አራት ሆነ! በዚያ አገር ጉድጓድ አራት ሲሞላ ይበላል፤ የበላም ይደግማል። በላችና ደገመች። አሁንም አራት ሞላ፤ በላችና ደገመች። እጇ አይታይም ብያችሁ አልነበር? ኳ ኳ ኳ ሲል ብቻ ይሰማል። ድምፁ ሲቆም ነጋድራስ ፊት አንዲት ጠጠር አልቀረችም።

ሜዳው ፈነዳ! የዳሱ ሰውና የኮረብታው ሰው ማን ማን እንደሆነ ሳይለይ ተቃቀፈ። ወንድይፍራው ጋቢውን ጥሎ እንደ ሕፃን ዘለለ።

ነጋድራስም እንደ ትልቅ ሰው ቃሉን ጠበቀ። ከዛሬ ጀምሮ ከሁሉም አንድ ብቻ እወስዳለሁ አለ። ወንድይፍራውም ገበጣዬ በቅዳሜ ዳሱ ውስጥ ይሸጣል፤ ኮረብታዬንም አልዘጋም፤ ሰው በወደደበት ይግዛ አለ። በዚህ ተጨባበጡ።

ከዚያም ነጋድራስ ሊሄድ ተነሣ። ተነሣና ቆመ። አንድ ነገር ከንክኖት ነበር። ወደ ሰዉ ዞሮ፦

«ዘጠኝ ዓመት ያሸነፈኝ የለም። ዛሬ ምን ሆንኩ?» አለ።

አንዱ ያስላል፤ አንዱ ሰማይ ያያል። በመጨረሻ እማማ ደብሪቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ጌታዬ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አውቄ ተሸንፌልዎታለሁ። የምሸጠው እርስዎ ጣሪያ ሥር ነዋ» አሉ።

ተሰማ ሸማኔውም ቀስ ብሎ፣ እኔም ሦስት ጊዜ አለ። ከኋላ አንዱ፣ እኔም። ከዛፉ ላይ አንዱ፣ እኔም። ሜዳው በሙሉ እኔም፣ እኔም አለ።

የነጋድራስ ፊት ጠቆረ። ዘበኞቹ ራሳቸው ፈሩ። እሱ ግን ተመልሶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቀመ። አራት አራት አድርጎ በየጉድጓዱ መለሰ። ከዚያም እማማ ደብሪቱን ቀና ብሎ አየና፦

«እማማ፣ ይቀመጡ። አሁን ግን እንዳይምሩኝ» አላቸው።

ተቀመጡ። አልማሩትም! ያን ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ነጋድራስ በአሥራ አንድ ሰው ተሸነፈ። በዕድሜው እንደዚያ ሲስቅ ያየው ሰው አልነበረም ይባላል።

ተረቴ አለቀ፤ ጉሮሮዬም ደረቀ። ዳቦ ያለው ዳቦ፣ ቆሎ ያለው ቆሎ ይዞ ይምጣ፤ አፌን ያላበሰልኝ ነገ በሬን እንዳያንኳኳ!