እስከ ሰባት ቤት የሚፈስ ውሃ

እንዶድ በር በምትባለው መንደር እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ማዕድ ፊት ጥቂት ይጉላላል። አስታጣቢው ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ «በል እንግዲህ ቁጠር» ይለዋል፤ እንግዳውም እጁን እያሸ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ሰባት ቤት ካልቆጠረ ፎጣ አይሰጠውም። ዘሩን የማያውቅ ወጡ ይቀዘቅዝበታል። እኔ አምስተኛው ላይ ተሰናክዬ፣ ከሳቁብኝ በኋላ በምሕረት ነው የበላሁት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ልማዱ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎቹን ሳልጠይቅ አልተነሣሁም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ደብሪቱ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ብትሆንም ካዋለደቻቸው እናቶች ብዙዎቹ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ትኩሳት ይዟቸው ይሞቱ ነበር። አገሩ «ዓይን ነው»፣ «መጋኛ ነው» ሲል፣ እሷ ግን ነገር ከያዘች የማትለቅ ነበረችና ማን ሞተች፣ ማን ተረፈች እያለች በልቧ ታመላልስ ጀመር። የተረፉት ሁሉ እሷ ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ ተጠርታ፣ የእንዶዱ አረፋ ከክንዷ ሳይደርቅ የደረሰችላቸው ሆነው አገኘቻቸው። በሌላው ቀን ግን፣ እጅ የሚቆሽሸው ሲያዋልዱ ነው ብላ፣ የምትታጠበው ካዋለደች በኋላ ብቻ ነበር። ይህን ባወቀች ጊዜ የሞቱትን በየስማቸው እየጠራች አለቀሰች ይባላል።

በዚያው ወር የአንድያ ልጇ የብርቄ ምጥ መጣ። አማቿ፣ የብርቄ ባል ደምለው፣ እየሮጠ ደርሶ ሊጎትታት ሲል፣ እጇን ልትታጠብ እንዶድ ወቅጣ ውሃ የሞላ ቅል አስያዘችው። እሱም ሁለት ጊዜ ጠብ አድርጎላት፣

«እማማ፣ ይበቃል! ልጄ ስም እንኳ ሳይወጣለት ሊሞትብኝ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው የማን ዘር እንደሆነ እስከ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ። እስክትጨርስ አፍስስ» አለችው።

ደምለው እያፈሰሰ ቆጠረ። ስድስተኛው ጠፍቶበት እንደገና ጀመረ የሚሉ አሉ፤ ዘሮቹ ግን ይህን የሰሙ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይቆጣሉ። ብቻ ብርቄ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ አራተኛውም አለፈ፣ ትኩሳቱ አልመጣም። ደብሪቱ በአምስተኛው ቀን ከልጇ መደብ ሥር ተነሥታ እህል ቀመሰች። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው ከአራስ ቤት ወጥቶ ወደ ማዕድ ገባ ይላሉ።

ዛሬ በመንደሩ ቧንቧም ሳሙናም አለ፤ ቆጠራው ግን አልቀረም። በማግሥቱ ምሳ ላይ ሰባቱን እንደምንም ጨርሼ እጄን ወደ ፎጣው ስዘረጋ፣ የምታስታጥበኝ ሴት ማፍሰሷን አላቆመችም።

«ጨረስኩ እኮ» አልኳት።

«አልጨረሱም። ወንዶቹን ብቻ ነው የቆጠሩት፤ ያስቆጠረችውስ?»

«ደብሪቱ» አልኩ። ማንቆርቆሪያውን ቀና አድርጋ ፎጣውን ሰጠችኝ።