ባሕሩ የሞቀባቸው አውሬዎች

አንድ ጊዜ፣ አሸዋው እግር በሚጠብስበት፣ ዝናብም እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ በሚልበት የባሕር ዳርቻ፣ አውሬዎች በማኅበር ይኖሩ ነበር። በየብሱ ላይ የሚታደን ነገር ስላልነበራቸው ኑሯቸው ዓሣ ነበር። ለዚህም ሲሉ ጥልቀት በሌለው የባሕሩ ጠርዝ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ የድንጋይ አጥር ነበራቸው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ከነዓሣው አጥሩን አልፎ ይገባል። ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣና ትልልቁ ዓሣ እዚያው ይቀራል። ትንንሹ ግን በክፍተቱ አምልጦ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ክፍተቱን አስበው የተዉት አያቶቻቸው ነበሩ።

አህያ ድንጋይም ዓሣም ትሸከማለች። ቀበሮ ታከፋፍላለች፤ ስታከፋፍል የሰባው ዓሣ ሁልጊዜ ወደ እሷ እንዴት እንደሚጠጋ ለማንም ገብቶት አያውቅም። ጅብ ደግሞ አጥሩን ይጠብቃል፤ ማለትም ከሁሉ ቀድሞ ይበላል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የነገሠው ያረጀ አንበሳ ነው። ከዳርቻው በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ተኝቶ ምሳውን ይጠብቃል፤ ንግግር ሲረዝምበትም ወዲያው ዓይኑ ይከደናል።

ከጊዜ በኋላ ዓሣው ማነስ ጀመረ። መጀመሪያ የጅብ ድርሻ አነሰ፤ ጅብም ጮኸ፤ የሰማው ግን አልነበረም። ቆይቶ የአንበሳው ምሳ አነሰ። ያን ጊዜ ስብሰባ ተጠራ።

አንበሳው ዓሣውን ማን እንደ ሰረቀ ጠየቀ። ጅብ ሳያስብ የባሕር ወፎቹ ናቸው አለ። ቀበሮም ወዲያው ደገፈችው፤ ወፎቹ ስብሰባው ላይ አልነበሩምና በእነሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነበር። አህያ የሁለቱም ሐሳብ መልካም ነው አለች። የሁለቱ ሐሳብ አንድ መሆኑን ልብ አላለችም።

በዚያው ሰሞን የባሕር ኤሊ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ልትጥል ከውሃው ወጥታ ነበር። በዕድሜ ከሁሉም ስለምትበልጥ እማማ ኤሊ ይሏታል። ክሱን ሰምታ ዝም ማለት አልሆነላትምና እየተንፏቀቀች ወደ ጉባኤው ቀረበች። ባሕሩ መሞቁን ነገረቻቸው። ትንሹ ዓሣ የሚበላው በውሃው ፊት ላይ የሚንሳፈፍ፣ ዓይን የማያየው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው፤ ያንን ደቃቅ ነገር የሚያለማው ደግሞ ከታች የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አሁን የሞቀው ውሃ እንደ ክዳን ከላይ ተኝቶበታል፤ ከታች የሚወጣ ነገር የለም። ስለዚህ ትንሹ ዓሣ ተርቦ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ሄደ፤ ትልቁም ትንሹን ተከትሎ ሄደ። አሸዋውም ከመሞቁ የተነሣ፣ ከእንቁላሎቿ የሚፈለፈሉት ልጆች ሴቶች ብቻ መሆናቸውን ጨምራ ነገረቻቸው። ጅብ በዚህኛው እንኳን ደስ ያለዎት አላት።

ከዚያም አንገቱን አዘንብሎ ጥያቄ ጠየቀ።

«ዓይን የማያየውን ነገር ማን ይበላዋል? እኔ ያላየሁትን በልቼ አላውቅም» አለ። ይህ እንኳ እውነት አልነበረም፤ ጅብ በጨለማ ያልበላው ነገር የለም።

«ትንሹ ዓሣ ይበላዋል» አለች ኤሊ።

«ትንሹንስ ማን ይበላዋል?»

«ትልቁ።»

«ትልቁንስ?»

«አንተና ወፎቹ።»

«ታዲያ ወፎቹ ናቸው ማለቴ ምኑ ላይ ተሳሳተ?» አለ ጅብ፣ ዙሪያውን እያየ።

ኤሊ ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና ከመጀመሪያው ልትጀምር አፏን ስትከፍት አንበሳው አንቀላፍቶ ነበር። ቀበሮ በንጉሡ ስም ፍርዱን አነበነበች፤ ወፎቹ ከዳርቻው ይባረሩ ተባለ። አህያ ጎጇቸውን ስትረግጥ፣ ጅብ እንቁላላቸውን ሲበላ ሰነበቱ። ወፎቹም ተነሥተው ሄዱ። ዓሣው ግን አልበዛም። እንዲያውም ከድንጋዮቹ ላይ ወደ ውሃው ይታጠብ የነበረው የወፎቹ ኩስ ለባሕሩ ጠርዝ እንደ ፍግ ነበርና፣ ለትንሹ ዓሣ የቀረችው ጥቂት ምግብም ይብሱን ሳሳች። ኤሊ ይህንንም ነገረቻቸው። ጅብ ስለ ኩስ ማውራት በንጉሥ ፊት ነውር ነው ብሎ ተቆጣ።

ቀበሮ ግን ሞኝ አልነበረችም። ኤሊ የተናገረችው ሁሉ ገብቷታል። ባሕሩ እየሞቀ ከሄደ ዓሣው እንደማይመለስ ስላወቀች፣ ያለው ሳያልቅ ድርሻዋን ማግኘት ፈለገች። ስለዚህ አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ወጥታ፣ የአጥሩ ክፍተት በጠጠርና በጭቃ ቢደፈን ትንንሹም ዓሣ እንደማያመልጥ ለአንበሳው አስረዳችው። አንበሳው ሆዱ ባዶ ስለነበረ ለዚህ ንግግር አልተኛም።

ኤሊ ወሬው ሲደርሳት ኮረብታውን መውጣት ጀመረች። ለኤሊ ኮረብታ መውጣት ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ደርሳ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ተናገረች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ያ ትንንሽ ዓሣ የዘር እህል ነው። ሙቀቱን ችሎ የቀረ እሱ ብቻ ነው። እሱን ከበላችሁት ነገ የሚወልድ የለም።»

ቀበሮ በትሕትና ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት። «እማማ፣ ባሕሩን ያሞቅነው እኛ ነን?»

ኤሊ እውነቱን መናገር ነበረባት። ባሕሩን ያሞቀው ከማዶ ዘመናቸውን ሙሉ እሳት ሲያነዱ የኖሩት ሰዎች ጢስ ነው፤ ጢሱ ሰማዩን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቱን አላስወጣ ብሏል። እነዚህ አውሬዎች አንድ እንጨት እንኳ አላነደዱም።

«እንግዲያው» አለች ቀበሮ ወደ አንበሳው ዞራ፣ «ያሞቁት ያቀዝቅዙት። እኛ ባላጠፋነው ለምን እንጾማለን?»

ጅብ ይህን ሲሰማ በደስታ አሸዋው ላይ ተንከባለለ። አህያ በጣም ትክክል ነው አለች።

«እሳቱ የእኛ አይደለም» አለች ኤሊ። «አጥሩ ግን የእኛ ነው። እሳቱን ማጥፋት አልቻልንም ማለት፣ የቀረውን በእጃችን እንጨርሰው ማለት አይደለም። ይህ ለመረዳት ይህን ያህል ከባድ ነው?»

ከባድ ነበር። አንበሳው «ድፈኑት» ብሎ ተነፈሰ፤ አህያም ጠጠር መሸከም ጀመረች።

በሚቀጥለው ጊዜ ባሕሩ ሲሸሽ በአጥሩ ውስጥ የቀረው ዓሣ እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበር። ከጣት የማይበልጥ፣ አጥንቱ ገና ያልጠነከረ ግልገል ዓሣ እንደ ጤፍ ተከምሯል። ጅብ በአፉ ሙሉ እየዛቀ በላ። ቀበሮ የቻለችውን ያህል አሸዋ ላይ አስጥታ አድርቃ ለራሷ ከዘነች። ኤሊ በዚያ ስታልፍ ጅብ አፉን ሳይዘጋ ጠራትና ዓሣው አልቋል ያልሽው የታለ አላት። ከዚያ በፊት «እርስዎ» ነበር የሚላት። ኤሊ ግን ወደ ባሕሩ ገብታ ለረጅም ጊዜ ጠፋች።

ግልገሉ አለቀ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ እየሞላ ሲሸሽ፣ እየሞላ ሲሸሽ፣ በአጥሩ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና አረፋ ብቻ ይቀር ጀመር። ቀበሮ የከዘነችውን ለብቻዋ ስትበላ ተይዛ ተደበደበች፤ ክምችቷም ተወርሶ ቶሎ አለቀ። የአህያ ጎን አጥንት ተቆጠረ። ጅብ የአጥሩን ድንጋይ መላስ ጀመረ፣ የዓሣ ሽታ አለው እያለ። የባሰው ግን በአንበሳው ደረሰ፤ ታናሽ ደቦሉ በረሃብ ሞተበት።

ልጁን የቀበረ ዕለት ማለዳ አንበሳው ከኮረብታው ወረደ። ከነገሠ ጀምሮ ባሕሩን ነክቶት አያውቅም። እግሩን ውሃው ውስጥ አስገባና ቆመ። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ውሃው ግን እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይሞቅ ነበር። ኤሊ እንቁላሏን ልትጥል ተመልሳ ስትወጣ እዚያው እንደ ቆመ አገኘችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

ኤሊ ብዙ ዘመን የኖረች ታጋሽ ፍጥረት ናት፤ ያን ቀን ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ስንት ጊዜ እንደ ነገረችው፣ ስንት ጊዜ እንዳንቀላፋ፣ ኮረብታውን በሆዷ ተስባ እንደ ወጣች አንድ በአንድ ቆጥራ ነገረችው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ሲባል እሰማ ነበር» አለችው በመጨረሻ። «መከራው መምከሩን ጨርሶ እንደ ሆነ ንገረኝ፤ እኔ ደክሞኛል።»

አንበሳው አንገቱን ደፋ። ከዚያም ሁሉንም ጠርቶ አጥሩ እንዲፈርስ አዘዘ። ከጥልቁ የሚመለስ ጥቂት ዘር ቢኖር እንኳ በነፃ ይግባና ይውጣ አለ።

ጅብ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ኤሊ መጣ።

«ይህን ካፈረስን ነገ ዓሣ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ለከርሞስ?»

«ባሕሩ እንደ ሞቀ ነው። ምናልባት ጥቂት ጥቂት እያለ ለልጅ ልጆችህ ይደርስ ይሆናል።»

ጅብ ትንሽ አሰበ። ከዚያም ድንጋዩን ከነበረበት ቦታ መልሶ አስቀመጠው።

«እንግዲያው ድንጋዩንም የልጅ ልጆቼ ያንሡት» አለና ሄደ። ቀበሮም ወገቧን እንዳመማት ተናግራ ተከተለችው። ሁለቱም ወደ በረሃው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም።

አህያ ቀረች። የሚያዛት ከሌለ መሄጃም አልነበራትምና ከአንበሳውና ከኤሊ ጋር ድንጋዩን ማንሣት ያዘች። ሦስቱ ለረጅም ጊዜ ደከሙ፤ አጥሩ ግን ግማሹ እንኳ አልፈረሰም ነበር፣ አንድ ጠዋት እንደ መርፌ የቀጠኑ ዓሦች በክፍተቱ ሲገቡ አዩ። እፍኝ አይሞሉም። አንበሳው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። ዓሦቹ በእግሮቹ መካከል አለፉ። አንበሳውም መንጋጋውን ነክሶ፣ አልፈው እስኪጠፉ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ እሳቱን ያነደደው ሌላ ነው እያለ የተረፈውን ዘር የሚበላ፣ ጥፋቱ የሌላ ቢሆንም ረሃቡ የራሱ እንደሚሆን ነው።