ስድብ ልትማር ዩኒቨርሲቲ የገባችው ሴትዮ

ልጆቼ፣ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ጎረቤቷ ዘርጋው የሚባል፣ ጆሮው የማይሰማ አናጢ ነው። ቤታቸውን የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። የሰውዬው የጣሪያ አሸንዳ ታዲያ አፉን ወደ ሴትዮዋ ግቢ አዙሯል። ክረምት በመጣ ቁጥር የእሱ ጣሪያ ውሃ የእሷን የጭቃ ግድግዳ ይበላል። ግድግዳው ሆዱ ተነፍቶ፣ ጭዱ ወጥቶ፣ ሌላ ክረምት የሚችል አይመስልም። ያለቻት ደግሞ ያቺው አንዲት ቤት ናት።

ምን ታደርጋለች? ትሳደባለች። ማለዳ ተነስታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አጥሩ ሥር ቆማ ታወርድበታለች።

«አንተ ግድግዳ በሊታ! አንተ ደንቆሮ! ቤቴን በላዬ ላይ ልትንደው ነው?»

እሱስ? ባርኔጣውን ያነሳል፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ደህና አደርክ ያለችው ነው የመሰለው!

እስቲ ፍረዱ። ስድብ እንደ ድንጋይ ነው፤ የተመታው «ወይኔ» ካላለ ለወርዋሪው ምን ደስታ አለው? ሴትዮዋ ፍም መሰለች። ከግድግዳው ይልቅ ባርኔጣው አቃጠላት።

«ለምን እጁን ይዛ ግድግዳውን አላሳየችውም?» ትሉኝ ይሆናል። ደግ ጠየቃችሁ። ሰው ጎትቶ ማሳየት የማያውቅ ሕፃን አለ? የለም። እሷ ግን ማሳየት መቼ ፈለገች! መስደብ ነው የፈለገችው። ግድግዳዋ ይውደቅ፤ ስድቧ መሬት አይውደቅባት። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም አለ። እዚህም አለ፤ ስም አልጠራም።

አንድ ቀን መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በሰፈሩ አለፈ። የከተማው ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ሰው አጫጭር ኮርስ ከፍቷል፤ ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ዕድሜ አይገድብም፤ ፊደል ያልቆጠረም ይምጣ። ዶሮ እርባታ አለ፣ ኮምፒውተር አለ፣ መስማት ለተሳናቸው የሚሆን የእጅ ምልክት ቋንቋ አለ። ሴትዮዋ ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ ወጧን ከእሳት አውርዳ ወጣች።

የዩኒቨርሲቲው መዝጋቢ አየት አደረገቻትና፣ «እማማ፣ ዶሮ እርባታ ልጻፍዎት?» አለቻት።

«ዶሮ ከእናንተ ልማር? እናንተን ዶሮዬ ታስተምራችሁ! የእጁን ቋንቋ ጻፊኝ።»

«ጎሽ! ከቤተሰብ መስማት የተሳነው ሰው አለዎት?»

«ከቤተሰብ የለኝም። ጠላት አለኝ።»

ገባች። መምህርቷ ሐመልማል የምትባል ለጋ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምን አስተማረች? ሰላምታ። ከዚያ «ይቅርታ»ን፣ ከዚያ «አመሰግናለሁ»ን። ሴትዮዋ ታዛጋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም። ሴትዮዋ አልቻለችም።

«አንቺ ልጅ፣ ስድቡ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«የምን ስድብ፣ እማማ?»

«የሚሰደብበት ነዋ! ይሄ ሁሉ ሰላምታ ለማን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ስድብ ሁለተኛው ኮርስ ላይ ነው» አለቻት።

«እሺ፣ ‹አንተ›ን ንገሪኝ። ‹አንተ› እና ‹አንቱ› በእጅ እንዴት ይለያል?»

«አይለይም። ወደ ሰውዬው መጠቆም ነው።»

«ታዲያ ማዋረዴን በምን ያውቃል?»

ልጅቷ ወደሚቀጥለው ምልክት አለፈች። እኔም ብሆን አልፍ ነበር።

ከዚያ የቤት እንስሳት ቅዳሜ ደረሰ። ላም ተባለ፣ በግ ተባለ፣ ከዚያ አህያ ተባለ። ሴትዮዋ ዓይኗ በራ። ሁለተኛውን ኮርስ ማን ይጠብቃል? «አንተ» አላት፣ «አህያ» አላት። ምን ጎደላት? መንገዱን ሙሉ እጇን እያወናጨፈች ስትመጣ ያያት ሁሉ፣ ሴትዮዋን ዩኒቨርሲቲው አሳበዳት አለ።

በማግስቱ ማለዳ አጥሩ ሥር ቆመች። ሰውዬው ወጣ። ባርኔጣውን ሊያነሳ ሲል ጣቷን ደረቱ ላይ ቀሰረች፦ አንተ። ከዚያ ሁለት እጇን ጆሮዋ አጠገብ አቆመች፦ አህያ!

ሰውዬው ደርቆ ቀረ።

ልጆቼ፣ ይህ ሰው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ በእጁ የሚያናግረው አንድ ነፍስ አልነበረውም። ሰፈሩ በሙሉ ጭንቅላቱን ነቅነቅ እያደረገለት ነው የሚያልፈው። ዛሬ ጎረቤቱ በገዛ ቋንቋው አናገረችው! ፊቱ በራ፤ እጆቹ እንደ ወፍ ተነሱ፤ ያወራል፣ ያወራል። እሷ ከዚያ ሁሉ የያዘችው አንዲት ቃል ነው፦ እሺ።

እየተቆጣች ቤቷ ገባች። «አህያ ብዬው እሺ አለኝ! ይሄስ ምን ዓይነት አህያ ነው!»

በበነጋው በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ማን ቆሟል? ዘርጋው። ከኋላውስ? አህያ። እውነተኛ፣ ጆሮው የቆመ፣ ጭነት የሚችል አህያ፤ ከአሸዋ ጫኞች ለምኖ ያመጣው። እንዲገባት እጁን ቀስ እያደረገ፣ «አንቺ… አህያ… ይኸው» አላት።

አያችሁ? ለካ ሴትዮዋ አህያ ቸግሯት የለመነችው መስሎታል! ስድቧ በአራት እግሩ ቆሞ በሯ ላይ መጣላት።

ምን ትበል? «አይ፣ ስሰድብህ ነበር» የሚለውን ገና አልተማረችም። እሱም የሚጫነውን ሊያይ ወደ ጓሮ ዞረ። እዚያም ግድግዳውን አየ። የተነፋውን ሆድ አየ፣ የወጣውን ጭድ አየ፣ ውሃ የቦረቦረውን መሬት አየ። ቀና ሲል የገዛ አሸንዳውን አየ። ሌሊት ዝናቡ ሲንዠቀዠቅ ጆሮው አይሰማ፤ ከአጥሩ ወዲህ ዓይኑ አያይ፤ ከየት ይወቀው? ራሱን ያዘ። ዞሮም አንድ ምልክት አሳያት።

ያንን ምልክት አወቀችው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት ናት፤ ያኔ እያዛጋች የተማረቻት። «ይቅርታ» ማለት ነበረች።

ያን ጊዜ ነው ሴትዮዋ ያፈረችው። ደንቆሮ ስትለው ኖራለች። ከሁለቱ ግን ያልሰማው ማን ነበር?

አሸንዳው የዚያኑ ዕለት ዞረ። አህያውም ሥራ አላጣ፤ አፈርና ጭድ እያመላለሰ ግድግዳው ተመረገ። የሚቀጥለው ኮርስ ሲከፈት ሴትዮዋ ከሁሉ ቀድማ ተሰለፈች። መዝጋቢዋም ሳቅ ብላ፣ «እማማ፣ ለስድቡ ነው?» አለቻት።

«የምን ስድብ! ሰውዬው ወሬ ሲያወራ ይፈጥናል፤ አልደርስበት አልኩ እንጂ።»

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አትሳቁ፤ ገና አልጀመርኩም።

እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ናችሁ። የእግዚአብሔርን ቃል በምዕራፍ በቁጥር ታውቁታላችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ፦ ለማን ነው የተማራችሁት? ባል ስለ ሚስት መታዘዝ ያጠናል፤ ሚስት ስለ ባል ፍቅር ታጠናለች፤ ማታ ራት ላይ ይወራወሩታል። ስለ ይቅርታ ሲሰበክ «ምነው እገሊት እዚህ በኖረች!» የምትል ማን ናት? እኔም እያወራሁ «ይሄ ለአማቴ ነበር» ያልሽው አንቺ፣ አይቼሻለሁ።

እግዚአብሔር ግን አዋቂ ነው። ልትሰድቡበት የተማራችሁትን ቃል እንኳ አህያ አድርጎ ወደ በራችሁ ይነዳዋል። ያን ቀን ምን ታደርጋላችሁ? በሩን ትዘጋላችሁ?

የተጣላችሁት ሰው በየት በኩል እንደሚኖር ታውቃላችሁ። የእሱ አሸንዳ እናንተ ግቢ ይፈስ ይሆናል፤ የእናንተም እሱ ግቢ ይፈስ ይሆናል። ሂዱና እጁን ይዛችሁ አሳዩት፣ አለዚያም እዩለት። ለዚህ ኮርስ አያስፈልግም።

አሜን ልትሉኝ ነው? ቆይ! በአፋችሁ አትበሉ፤ አፋችሁን አውቀዋለሁ። በእጃችሁ በሉ።