የአንሙት ንቦች ጠያቂዎች

በእኛ አገር አንድ ሰው የጀመረውን ነገር በሰላም እንዳይጨርስ እየተመላለሰ «እንዴት ሆነልህ?» የሚለው ሲበዛበት የምትሰነዘር አንዲት አባባል አለች። አባባሏ እንዲሁ ሜዳ ላይ አልበቀለችም፤ የወጣችው ከአንሙት ታዛ ሥር ነው። አንሙት ክፉ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ሆደ ቡቡነቱ ነው።

በሰኔ መግቢያ አማቱ አቶ እምሬ አንድ ቀፎ ሙሉ ንብ ሰጡት። ዕድሜያቸውን ከንብ ጋር ያሳለፉ ሰው ናቸውና ቀፎውን ራሳቸው ታዛው ሥር ሰቅለው ሲያበቁ ምክር ጨመሩለት።

«ስማኝ ልጄ። ክረምት ለንብ ጾም ነው። አበባ የለም፣ ዝናቡም አያስወጣቸው። ያጠራቀሟትን ማር እየቆነጠሩ ይከርማሉ። አንተ ደጃፋቸው ላይ በሶና ሽሮ አድርግላቸው፤ ጉንዳን እንዳይወጣባቸው ምሰሶው ሥር አመድ ነስንስ። ክዳኑን ግን አደይ አበባ ሳይፈነዳ እንዳትነካ።»

«እሺ አባባ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ» አለ አንሙት። ከልቡ ነው ያለው።

ምክንያትም ነበረው። ለኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ተረኛ እሱ ነው። «በእኔ ተራ የገበያ ማር የለም፤ የምትጠጡት የገዛ ንቦቼን ጠጅ ነው» ብሎ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ሚስቱ ስመኝ «ማሩ ሳይቆረጥ ጠጁን ጠጣኸው» ብትለው አልሰማትም።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሌት ተቀን ሲወርድ ሰነበተና ንቦቹ ድምፃቸውን አጠፉ። አንሙት ጠዋት ጆሮውን ቀፎው ላይ ይለጥፋል፣ ማታም ይለጥፋል። በሦስተኛው ቀን ሆዱ አልችል አለው።

«ስመኝ፣ እነዚህ ንቦች ታመዋል።»

«ዝናብ ነው እንጂ የምን ሕመም? አባዬ ያለህን ረሳኸው?»

«በደኅና ጊዜ አትንካ አሉኝ እንጂ በሕመም ጊዜ መች አሉኝ?»

ጭስ አዘጋጅቶ ክዳኑን ገለጥ አደረገ። ንቦቹ ማራቸው ላይ ተጠጋግተው ደኅና ነበሩ። መልሶ ዘጋና እፎይ አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አባባሏም ባልተወለደች። ግን «የአንሙት ንቦች ታመዋል» የሚለው ወሬ ከቤት ወጥቶ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። መጀመሪያ ጎረቤቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«እግዜር ይማርልህ ልጄ። እስቲ ልያቸው፤ ሳላያቸው ብመለስ እንቅልፍም አይወስደኝ።»

ጠያቂ እንዴት ከደጅ ይመለሳል? አንሙት አጨሰ፣ ከፈተ፣ አሳየ። በማግስቱ የማኅበሩ መሪ አቶ ደረበ መጡ። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ጠጁ ይሁን ንቡ አልተለየም፤ ብቻ አንገታቸውን አስግገው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ሌሎቹም ተራ በተራ፣ አንዳንዶቹም ከነሚስቶቻቸው መጡ። አንዷማ ለታመመ ይሆናል ብላ አጥሚት ይዛ መጥታ ነበር። አጥሚቱን አንሙት ጠጣው።

ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ንብ ጭስ ሲሸታት እሳት መጣ ብላ ለስደት ትሰናዳለች፤ ማሯን እየጎረሰች ስንቅ ትይዛለች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ንቦቹ ስንቃቸውን ያዙ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥርም ብርዱ ገባባቸው።

ጳጉሜን ሦስት፣ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቁ፣ አንሙት እንደ ልማዱ ጆሮውን ለጠፈ። የዛሬው ዝምታ ሌላ ነበር። ቢከፍተው ደረቅ ሰምና ጥቂት የሞቱ ንቦች ብቻ አገኘ። ማሩ አልቋል፤ የተረፉት ንቦች ኮብልለዋል። ታዛው ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ንቦቹን ይወዳቸው ነበር።

ጎረቤቱ ይህንንም ሰምቶ ሊያጽናናው መጣ። «እኔ እንኳ ሁለቴ ብቻ ነው የጠየቅኋቸው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። አቶ ደረበም «እኔም ከአራት ጊዜ አይበልጥም» አሉ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በአንሙት ቤት የቀረበው ጠላ ነው። ስለ ጠጅ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ እሱን ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረው ይኸው ዝምታ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቶ እምሬ አፉ በጨርቅ የተወተፈ ሌላ ቀፎ አስይዘው ደረሱ። አማቹን አንድም ቃል ሳይወቅሱ ቀፎውን በቀድሞው ቦታ ሰቀሉና ጨርቁን ነቀሉለት።

አንሙት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጆሮውን ለጠፈ። ማኅበርተኛው ጠላውን እንደያዘ ከቤት ወጥቶ ከበበው።

«አባባ፣ ድምፃቸው ቀነሰብኝ» አለ። «መንገዱ አንገላቷቸው እንዳይሆን፣ አንዴ ብቻ…»

እጁ ወደ ክዳኑ ሄደ። ከኋላው እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ማጣፋት ጀምረዋል። አቶ እምሬ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉና መጀመሪያ አማቻቸውን፣ ቀጥሎ የከበበውን ሰው ሁሉ ቃኝተው እንዲህ አሉ፦ «እጅህን አንሣ ልጄ፤ ጠያቂ የበዛበት ቀፎ ክረምት አይሻገርም።»